ቁርስ ላይ የተነገረ መርዶ

አባቴ ማረፋቸውን የነገረኝ አሰልጣኜ ነው። ቁርስ ላይ። አዳማ ባረፍንበት ሆቴል እንቁላል በዳቦ እየበላሁ ሳለ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ከዚያም በዚያ ሰባራ እንግሊዝኛው «አባትህ ሞቷል። ትናንት ማታ ነው። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ አውሮፕላን አለ፤ ትደርሳለህ» አለኝ። በአፌ የያዝኩትን አላምጬ ዋጥኩት። ሻዩንም ጠጣሁት። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር።

ጎንደር እንዲህ አይነገርም። እንዴት እንደሚነገር ለማያውቅ ላስረዳ፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ዘመድ የሞተበት ሰው ከአገር ርቆ ከሆነ ሞቱ በስልክ አይነገረውም። ሰበብ ተፈልጎ ይጠራል፤ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በል» ይባላል። ሰውየው ይመጣል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያድራል። ቤተሰቡ እንባውን ውጦ እየሳቀ ያስተናግደዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ አክስቶቼ ተክነውበታል። ጎህ ሲቀድ ዘመድ፣ ጎረቤትና የነፍስ አባት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ላይ ይቆማሉ። ራሱን እንዳይፈጠፍጥ ክንዱን የሚይዙ ጎልማሶች አስቀድመው ይመረጣሉ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል። መርዶ ማለት ይህ ነው፤ ሰው ሞትን የሚሰማው በሰው እጅ ተይዞ ነው።

አሰልጣኙ ይህን ከየት ያውቃል? የመጣው ከፓራጓይ ነው። ጎንደር ሲገባ አራዳ ላይ ያየው ሁሉ «ብራዚሉ» አለው። አንድ ሁለቴ ሊያርም ሞከረ፤ ከዚያ ሰለቸውና ብራዚል ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት ከቋንቋችን የገቡት ቦርሳ፣ መኪናና ጎማ ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱ ቋንቋ ጋር ስለሚቀራረቡ ደስታውን አልቻለውም። የማንንም ቦርሳ ከመሬት ያነሳና «ቦርሳ» ይለናል፤ እኛም «ጎበዝ» እንለዋለን።

በተጫዋችነቱ ዘመን እንደ እኔ አማካይ ነበር። ከተከላካዮች ፊት የሚቆም፣ ኳስ ነጥቆ ለሌላው የሚያቀብል፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ጋዜጠኛ ስሙን የሚረሳው ዓይነት። በአገሩ ዋና ከተማ ለትልቅ ክለብ ተጫውቷል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተጠርቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመልሷል። ጉልበቱ ሲከዳው አሰልጣኝ ሆነና ከአገር አገር እየዞረ እኛ ጋ ደረሰ። ልምምድ ላይ ከኋላዬ ቆሞ ጣቶቹን ያወጣል፤ ኳሱ እግሬ ላይ ከመድረሱ በፊት ዞሬ አይቼ ስንት ጣት እንዳወጣ መናገር አለብኝ። ካልተናገርኩ ልምምዱ ይቆማል፣ ቡድኑ በሙሉ እኔን ይጠብቃል። ጓደኞቼ «ቆጠራ ተምረህ ትጨርሳለህ ወይስ እንሂድ?» ይሉኝ ነበር። አማካይ የሆንኩት ግን ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የምሮጥ ሰው ብቻ ነበርኩ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በሰፈራችን ደብር ዜማ ያስተምሩ ነበር፤ እኔንም ለዚያው ነበር ያሰቡኝ። ጾመ ድጓን ከግማሽ ትቼ ኳስ ሜዳ ገባሁ። አልረገሙኝም፤ ስታዲየም ግን አንድ ቀን አልመጡም። ሰው ፊት «የእኔ ልጅ ጎልም አያገባ፣ ሚስትም አያገባ፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ እንጃ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሥራዬን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ እርስዎ ማኅሌቱን እንደሚመሩት ሁሉ ኳሱ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና መሪጌታ ራሱም እኮ ያዜማል ብለው መለሱልኝ።

ባረፉበት ዓመት ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነበር የሚካሄደው፤ ጎንደር ውስጥ ጨዋታ አልነበረም። ከቤት ከወጣን ወራት ሆኖን ነበር። የክለባችን ኮሚቴ መሞታቸውን በዚያው ማታ ሰምቶ መክሯል። ውሳኔው እንዲህ ነበር፦ ነገ ቅዳሜ ይጫወት፣ ከዚያ «አባትህን አሟቸዋል» ተብሎ ይላክ፣ አገር ቤት ሲደርስ በወጉ ይረዳ። ባህሉም እውነት ነው፣ ሌላ አማካይ አለመኖሩም እውነት ነው፤ የትኛው እንደበለጠባቸው እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም። ነገሩ አፉ እንዳያመልጠው ለአሰልጣኙ አስቀድመው ነገሩት። እሱም ሰማ፣ ብድግ አለና ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። የቡድን መሪው ከኋላው እየሮጠ ሲደርስ እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ነበር።

ቦሌ ድረስ የሸኘኝ ራሱ አሰልጣኙ ነው፤ በጨዋታ ቀን፣ ቡድኑን ለረዳቱ ትቶ። ኮሚቴው ይህንንም አልረሳለትም። መንገድ ላይ ብዙ አላወራም። ደብረ ዘይትን ካለፍን በኋላ ነው ስለ ራሱ የነገረኝ። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ ከከተማው ባላንጣ ጋር በሚጫወቱበት ቀን ጠዋት ወንድሙ በሞተር ብስክሌት ሞተ። ክለቡ ሰምቶ ደበቀው። አሸነፉ። ደጋፊው በትከሻው ተሸክሞ ሜዳውን አዞረው። ከዚያ ሻወር ቤት ውስጥ፣ ዓይኑ ውስጥ ሳሙና እንዳለ፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ነገረው። የትውልድ ቀየው ሲደርስ ወንድሙ ተቀብሮ ነበር።

«ተሸክመውኝ ሲዞሩ እስቅ ነበር» አለኝ። «ፎቶው አለ።»

መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር፤ የአየር ሁኔታ ይናገራል። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አቀፈኝ፣ ተመልሶም በጨዋታው ሰዓት ደረሰ። ተሸነፉ።

አዘዞ ከአውሮፕላን ወርጄ ቤት ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ያን ቀን የሚመጣ ሰው አልነበርኩማ፤ ሁሉም ደነገጠ። አክስቶቼ ለሌላ ቀን ያዘጋጁትን ፈገግታ ፊታቸው ላይ ሊያመጡ ሲሞክሩ አየሁ፤ ግን በድንኳን ፊት የት ይደበቃል። ከእንፍራንዝ የመጣው አጎቴ ጎትቶ ከግድግዳ ጥግ አቆመኝ።

«ማን ነገረህ?» አለኝ።

«አሰልጣኙ።»

«ምን ላይ ሳለህ?»

«ቁርስ ላይ።»

«ምነው ቁርስ ላይ?» አለ አጎቴ። «እኔኮ ሸጋ ሰው መስሎኝ ነበር።»

ቢሆንም ያለ ወግ አልተዉኝም። እንዲይዙኝ የተመረጡት ሁለት የአጎቴ ልጆች ግራና ቀኜን ቆሙ፤ አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ቆመው የማውቀውን ነገሩኝ። የልጆቹ እጆች ክንዴን ጨብጠው መውደቄን ጠበቁ። አልወደቅኩም። ሴቶቹ እኔን ለማስለቀስ ሙሾውን ከፍ አደረጉት፤ የአባቴን ደግነት፣ ድምፃቸውን፣ ባዶ የቀረ ቦታቸውን እያነሱ አወረዱት። አላለቀስኩም። ትንሽ ቆይተው የአጎቴ ልጆች እጃቸውን ለቀቁ፤ አንደኛው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ካህናቱ ለመሪጌታቸው የሚገባውን ሁሉ አደረጉ፤ ዜማው ረዘመ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ አንድ ቦታ ላይ ሳተ። አባቴ ቢኖሩ መሬቱን በመቋሚያ ይመቱት ነበር ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ያን ብቻ ነው። አፈሩ ሲመለስም ቆሜ አየሁ። ከአንዲት ጎረቤታችን ጀርባ ስቆም ይህ ልጅ ኳስ አደንድኖታል ስትል ሰማኋት።

ከተማው ግን ፈረደ፤ እኔ ላይ ሳይሆን በፈረንጁ ላይ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ነውና ነገሩ፣ «ቁርስ ላይ ያረዳው» እየተባለ በየሻይ ቤቱ ተወራ። ስንሸነፍ «መርዶ የማያውቅ ሰው ምን ቡድን ይመራል» ይሉ ነበር፤ ስናሸንፍ ዝም ይላሉ። ብዙ ስለማናሸንፍ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ተሰናበተ። እኔ ሲሟገቱልኝም ሲወቅሱትም አብሬ አልነበርኩም። ቀብር አድርሶኛል፤ ስለዚህ ባለውለታዬ ነው። ደግሞ ልቅሶዬ የቀረው እዚያ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ምን እንደምለው አላውቅም። አሁንም ፋሲካ ሲመጣ የእንኳን አደረሰህ መልእክት ይልክልኛል። በእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ እኔ ገና ጾም ላይ ሳለሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ተጫወትኩ። ጉልበት የአማካይ ሁሉ ዕጣ ነው መሰለኝ፣ የእኔም ከዳኝ። ኮርስ ወሰድኩ፣ ረዳት ሆንኩ። የክለቡ ሰዎች ከፈረንጅ ሲሰለቹ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብለው ዋናውን ወንበር ሰጡኝ። ደጋፊው «ፍሪጅ» ብሎ ሰየመኝ። በመጨረሻ ደቂቃ ጎል ሲገባ ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ይፈነጥዛል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሲገባብንም እንደዚያው። ጋዜጠኞች እርጋታ አለው ብለው ያሞግሱኛል። እርጋታ አይደለም፤ የሚሰማኝ ነገር የለም። እናቴ ታውቃለች፤ እንዳታስቸግረኝ ብላ ግን አትናገርም።

ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ነበርን። ላለመውረድ ነበር የምንጫወተው። የቡድኑ አማካይ ከአምባ ጊዮርጊስ ገጠር የመጣ ገበሬ ልጅ ነው፤ እኔን የሚመስል ሳይሆን ከእኔ የሚሻል፤ ጣት መቁጠር ሳያስፈልገው ዙሪያውን የሚያይ። ከጨዋታው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጎንደር ከተማ የሚኖር የአጎቱ ልጅ ደወለልኝ። የልጁ እናት አርፋለች። መንገዱ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ፣ ስልክም ጠፍቶ ስለነበር ወሬው ከተማ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ተቀብራለች። እሱ አያውቅም።

እንደማያውቅ እኔም አውቅ ነበር፤ በየቀኑ አመሻሹ ላይ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ ይደውልላት ነበርና። ማግኘት አይቻልም የምትለዋን ሴት እስከ መጨረሻዋ ይሰማና እንደገና ይደውላል። ያን ቀንም ደወለ። በአጠገቡ ሳልፍ አየኝና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ኮች፣ ኔትወርክ ሲመለስ እናቴ ልትቆጣኝ ነው» አለ። «ጠፋህ ትለኛለች።»

አይዞህ አልኩት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ስደውልለት ሰምቶ ነበር፤ ውሳኔውም ተዘጋጅቶ ነበር። ይጫወት፣ መርዶው አገሩ ገብቶ በዘመዶቹ ይሁን አለኝ። አንተ የመሪጌታ ልጅ አይደለህም ወይ፣ ወጉ ይጠፋሃል ወይ፣ የራስህን ቁርስ ረሳኸው ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልረሳሁም። መንገዱ ተዘግቶ መቼ ነው አገሩ የሚገባው ብዬ ጠየቅኩት። ውድድሩ ሲያልቅ አለ። ውድድሩ የሚያልቀው ከፋሲካ በኋላ ነው።

«ታዲያ እናቱን እስከ ፋሲካ ማግስት በሕይወት ልናቆያት ነው?» አልኩት።

እኔ ልጁ ላይ ሳይሆን ቡድኑ ላይ እንዳስብ መክሮኝ ዘጋው።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። የፈረንጁን መንገድ ብከተል ለልጁ የምሰጠው ነገር የለም፤ የሚደርስበት ቀብር የለም፣ የሚሳፈርበት አውሮፕላን የለም። ሞቱን ብቻ ሰጥቼው እሄዳለሁ። የኮሚቴውን መንገድ ብከተል በየቀኑ አጥሩ ሥር ሲደውል እያየሁ አሰላለፍ አወጣለሁ። ወደ አጎቱ ልጅ መልሼ ደወልኩ። እኛ እዚህ ብናረዳው ይከፋችኋል ወይ አልኩት።

«ሰው ካለው ሸጋ ነው» አለኝ። «ብቻውን አይስማው እንጂ።»

እናም ሰው ፈለግኩለት። ከሆቴሉ ጀርባ ባለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ አገኘሁ፤ የጎንደር ተማሪ የሌለበት ደብር የለም ይባላል፣ እሳቸውም የልጁን አገር ወገራን የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። ነገሩን ሳልጨርስ በስንት ሰዓት እንምጣ አሉኝ። ለአንጋፋዎቹ ተጫዋቾች፣ ለወጌሻው፣ ለትጥቅ ኃላፊውና ለአውቶቡሱ ሹፌር ነገርኩ። ሁለት ጠንካሮችን፣ በረኛውንና የመሃል ተከላካዩን፣ ክንዱን እንዲይዙ መረጥኩ። አሰላለፍ ማውጣት ሥራዬ ነው፤ ያን ምሽት ያወጣሁት ግን የአልቃሽ ነበር። ነጠላ የለንም ብሎ የትጥቅ ኃላፊው ሲጨነቅ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኞች ሰምተው ከየቤታቸው ይዘው እንደሚመጡ ነገሩን። ልጁን አንድም ቀን አናግረውት አያውቁም፤ አልጋውን ብቻ ነው የሚያነጥፉት።

ልጁን ከጨዋታው ውጭ አድርጌ ገባሁ፤ ተሸነፍን። በኋላም ወረድን። ሰብሳቢው ሁለተኛው ብራዚል ብሎኛል አሉ፤ ወንበሬም ይኸው እስከ ዛሬ እየተነቃነቀ ነው። እሱን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚያስጽፍ ነገር አድርጌ አላየውም።

የመርዶው ጠዋት ግን እንዲህ ነበር። ገና ሲነጋጋ በኮሪደሩ ተሰለፍን። ቱታ የለበሱ ተጫዋቾች ከላዩ የሰው ነጠላ አዘቅዝቀው፣ አንዳንዱ ለአጭር ሴት የተሠራ ነጠላ ትከሻው ላይ አልደርስ ብሎት በእጁ ይዞ፣ ቄሱ ከፊት መስቀላቸውን ይዘው፣ የጽዳት ሴቶቹ ከኋላ። አባ አንኳኩ። ልጁ በካልሲ ከፈተ። ተመለከተን። አንድ በአንድ ተመለከተን፣ ቄሱን፣ ሴቶቹን፣ በረኛውን፣ መጨረሻ ላይ እኔን።

«ማን ነው?» አለ።

አባ ሊናገሩ ነበር፤ ልጁ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

«እናትህ» አልኩት።

ወደቀ፤ ወለሉን ሳይነካ ያዙት። በረኛው ከግራ፣ ተከላካዩ ከቀኝ፣ እኔም ከኋላ ገብቼ ወገቡን ያዝኩ። አንድ አማካይ ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር። ደረቱን ሊመታ እጁን ይነጥቃል፣ ይመልሱበታል። እናቱን በስሟ ሳይሆን በላሞቿ፣ በደጇ፣ በአምባው ስም ጠራት፤ ያልደረሰበትን ቀብር ጠራ፤ አጥሩ ሥር የደወለውን ስልክ ሁሉ ቆጥሮ ጠየቃት። ሴቶቹ ተቀበሉት። ከዚያ ቡድኑ በሙሉ አለቀሰ፤ እናቱ የሞተችበት ለእናቱ፣ ያልሞተችበት ሊሞትበት ለሚችለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚሉት እውነት ሆኖ አየሁት፤ ልጁ ከብዶት የነበረው በየትከሻው ሲከፋፈል ዓይኔ እያየ ነው። ፊቱን አዙሮ ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ ቱታዬ ረጠበ። እኔ ያን ጊዜ የማስበው በእሱ ቦታ ማንን እንደማስገባ ነበር።

ቀናሁበት። ሌላ ቃል የለውም። የያዙት እጆች ሁሉ የሚይዙት ነገር ነበራቸው።

አጠገቤ አንዲት በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ ቆመው ነበር። ወንድሙ መስያቸው ይሁን አላውቅም፣ ደረቅ ፊቴን አዩና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አንተም አልቅስ እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

«እኔ አሰልጣኙ ነኝ» አልኳቸው።